«ተጠርጣሪ» ማን ነው? በርድ ፍሉ የያዛቸው ሰዎች እንዴት ተለዩ፣ እንዴትስ ተቆጠሩ?

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዤ መጥቻለሁ። ጊዜ ያለው አሁን፣ የሌለው ማታ ያንብበው። ዘመኖቹን «ዓ.ም» ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኳቸው።

«ተጠርጣሪ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የፖሊስ ዜና ነው። ተጠርጣሪው በቁጥጥር ሥር ዋለ፣ ተጠርጣሪው ፍርድ ቤት ቀረበ። በ2012 ዓ.ም ኮሮና አገራችን ሲገባ ይኸው ቃል ለበሽተኛ ዋለ። ያኔ «ተጠርጣሪ» የተባለ ሰው በሰፈሩ በምን ዓይን እንደታየ ታስታውሳላችሁ። ሰውየው ሳል እንጂ ወንጀል አልነበረበትም እኮ! በጤና ሙያ ቃሉ ክስ አይደለም። «ይህን ሰው ሳንመረምር ወደ ቤቱ አንሸኘውም» ማለት ነው፤ በቃ።

ታዲያ ተጠርጣሪ የሚባለው ማን ነው? ማን ይወስናል? በምን መስፈርት? ዛሬ የማጫውታችሁ ይህ መስፈርት በበርድ ፍሉ፣ ማለትም በወፎች ጉንፋን፣ ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደተጻፈ ነው። እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገሩ የሳበኝም በታሪክነቱ ነው። መስፈርቱ ላይ ላዩን ሲያዩት ደረቅ የቢሮ ወረቀት ይመስላል፤ ታሪኩን አውቆ መስመር በመስመር ላነበበው ግን ብዙዎቹ መስመሮች በጊዜው ሳይታወቁ ያመለጡ ሰዎችን ያስታውሳሉ።

ሆንግ ኮንግ፣ 1997

በሜይ ወር አንድ የ3 ዓመት ሕፃን ትኩሳትና ሳል ይዞት ሆስፒታል ገባ። ሕመሙ እየጠና ሄዶ በሜይ 21 ሕፃኑ አረፈ። ከመሞቱ በፊት ግን ከመተንፈሻ ቱቦው ናሙና ተወስዶ ነበር። የከተማዋ ላቦራቶሪ ናሙናውን ሲመረምረው ኢንፍሉዌንዛ ኤ መሆኑን አወቀ፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ግን መለየት አቃተው። በእጁ የነበሩት መለያዎች ሰውን በየዓመቱ ለሚይዙት ለተለመዱት ዓይነቶች የተዘጋጁ ናቸው፤ ይኼኛው ከአንዳቸውም ጋር አልገጥም አለ።

ቫይረሱ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ኔዘርላንድስና ወደ እንግሊዝ ላቦራቶሪዎች ተላከ። መልሱ የተገኘው በኦገስት ነው፤ ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ። ኤች5ኤን1! ዶሮ የሚፈጅ ቫይረስ። ከዚያ በፊት ሰው ላይ ተገኘ ተብሎ ተመዝግቦ አያውቅም።

የባለሙያዎቹ የመጀመሪያ ስሜት ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ጥርጣሬ። በሕፃኑ ላይ ሳይሆን በናሙናው ላይ። «ላቦራቶሪ ውስጥ ከሌላ ናሙና ጋር ተነካክቶ እንዳይሆን» አሉ። ኬጂ ፉኩዳ የሚባል ሐኪም የነበረበት የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል (ሲዲሲ) ቡድን ሆንግ ኮንግ ድረስ ሄዶ ነገሩን ከላቦራቶሪው ጀምሮ አጣራ። ብክለት አልነበረም። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ወራት በከተማዋ ገጠራማ ክፍል የዶሮ እርባታዎች በዚሁ ቫይረስ ተመትተው ነበር። የዶሮው ሞት በአንድ መዝገብ፣ የሕፃኑ ሞት በሌላ መዝገብ። ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው ግን እስከዚያ አልነበረም።

ኖቬምበር ላይ ሌሎች ሰዎች መታመም ጀመሩ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ 18 ሰው ተያዘ፣ 6ቱ ሞቱ። በዲሴምበር መጨረሻ የከተማዋ አስተዳደር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ዶሮ አስወገደ፤ በሽታውም ለጊዜው ቆመ። በወቅቱ የከተማዋ የጤና ኃላፊ የነበሩት ማርጋሬት ቻን በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉልኝ። ያ ሕፃን በሕይወት ሳለ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ የበርድ ፍሉ ተጠርጣሪ አልነበረም። እንዲህ የሚባል ምድብ ስላልነበረ! ታሪኩን ያተረፈው የተቀመጠው ናሙና ነው። ናሙናው ባይኖር ኖሮ ዛሬ «በሳንባ ምች የሞተ ሕፃን» ተብሎ ነበር የሚቀረው።

2003፦ የተቀበረችው ልጅና በሌላ በሽታ ስም የሞተው ወጣት

በ2003 መጀመሪያ አንድ የሆንግ ኮንግ ቤተሰብ ወደ ቻይናዋ ፉጂያን ግዛት ተጉዞ ነበር። ትንሿ ሴት ልጃቸው እዚያው ታመመች፣ እዚያው ሞተች፣ ተቀበረችም። ናሙና አልተወሰደላትም። ከዚያ አባትየውና ወንድ ልጁ ታመሙ። ሆንግ ኮንግ ላይ ሲመረመሩ ሁለቱም ኤች5ኤን1 ተገኘባቸው። አባት ሞተ፣ ልጅ ዳነ። የተረጋገጠ ተብሎ የተመዘገበው 2 ሰው ነው። ልጅቷ በቁጥሩ ውስጥ የለችም።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ቤጂንግ ውስጥ አንድ የ24 ዓመት ወጣት በከባድ የሳንባ ምች ሞተ። ዓመቱ ሳርስ ዓለምን ያስጨነቀበት ስለነበር የተጠረጠረው ሳርስ ነው። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2006፣ የቻይና ተመራማሪዎች ወጣቱን የገደለው ኤች5ኤን1 እንደነበር በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ፤ ከዚያም የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር አረጋገጠ። ልብ በሉ፣ የቻይና መንግሥት በዋናው ምድር የመጀመሪያውን የሰው ኬዝ በይፋ ያሳወቀው በ2005 መጨረሻ ነበር። አንድ ናሙና የአንድ አገር የበሽታ ታሪክ በሁለት ዓመት ወደኋላ ገፋው ማለት ነው። ሰው በሚፈራው በሽታ ስም ይጠረጠራል፤ ያልታሰበው በሽታ ደግሞ ከሥሩ ተደብቆ ያልፋል።

2004፦ የማይስልና ዶሮ ያልነካች

ቀጥሎ ያሉት ሁለት ታሪኮች መስፈርት አውጪዎችን ክፉኛ የፈተኑ ናቸው።

የመጀመሪያው ደቡብ ቬትናም ውስጥ ነው። አንድ የ4 ዓመት ወንድ ልጅ ከባድ ተቅማጥ ይዞት ሆስፒታል ገባ፤ ከዚያ ራሱን ሳተና ሞተ። የ9 ዓመት እህቱም ከእሱ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀድማ በተመሳሳይ ሁኔታ ሞታ ነበር። ልጁ ሲገባ የመተንፈሻ አካል ሕመም ምልክት አልታየበትም። ሐኪሞቹ የጠረጠሩት የአንጎል ብግነት ነው፣ በቂ ምክንያትም ነበራቸው። ወራት ቆይቶ የተቀመጠው ናሙናው ሲመረመር ቫይረሱ በጉሮሮው፣ በደሙ፣ በዓይነ ምድሩ፣ አልፎም በአንጎልና በአከርካሪ ፈሳሹ ውስጥ ተገኘ። ከእህቱ የሚመረመር ናሙና አልነበረም። «ትኩሳትና ሳል ያለበት» ብሎ የሚጠይቅ መስፈርት ይህን ልጅ በምን ያገኘዋል?

ሁለተኛው ሰሜናዊ ታይላንድ፣ ካምፋንግ ፌት፣ ሴፕቴምበር 2004። አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። የቤቱ ዶሮዎች አለቁ፣ ከቀናት በኋላ ልጅቷ ታመመች። እናቷ ባንኮክ አካባቢ ትሠራ ነበርና የልጇን መታመም ሰምታ መጣች። ሆስፒታል ውስጥ አጠገቧ ተቀምጣ ለ16 ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ አስታመመቻት፤ አቀፈቻት፣ ጠረገቻት። ማንኛዋም እናት የምታደርገውን ነው ያደረገችው። ልጅቷ ሞተች። እናትም ወደ ሥራዋ ተመልሳ ታመመችና ሞተች። አክስትየዋ ታማ ዳነች።

እናት ዶሮ አልነካችም። «ከዶሮ ጋር ንክኪ ነበረሽ?» ተብላ ብትጠየቅ መልሷ «የለኝም» ነው፤ እውነትም ነው። ግን ከአስከሬኗ የተወሰደው ናሙና ኤች5ኤን1 ሆኖ ተገኘ፤ የአክስቷም ተረጋገጠ። ልጅቷስ? ከእሷ የሚያረጋግጥ በቂ ናሙና ስላልነበረ በጥናቱ ላይ የተመደበችው «ሳይሆን አይቀርም» በሚለው ምድብ ነው። እናቷ የተረጋገጠች፣ በሽታውን ያስተላለፈችላት ልጅ ግን «ሳይሆን አይቀርም»!

2006፦ ቱርክና ኢንዶኔዥያ

በጃንዋሪ 2006 በሽታው ምሥራቅ ቱርክ ገባ። ልጆች ታመሙ፤ በበረዶው ምክንያት ዶሮዎቹ ቤት ውስጥ ይውሉ ያድሩ ነበር። ቫን ከተማ ሆስፒታል ገብተው በኋላ በሽታው በተረጋገጠባቸው 8 ሕሙማን ላይ የተደረገው ፈጣን የኢንፍሉዌንዛ ምርመራ የሁሉንም ነጋቲቭ ነበር ያለው። አንዳንዶቹ ላይ ፒሲአር ተደጋግሞ ነው ቫይረሱ የተገኘው። የቱርክ ላቦራቶሪ 21 ሰው አለ፣ ለንደን ያለው የዓለም ጤና ድርጅት ተባባሪ ላቦራቶሪ ያረጋገጠው ግን 12 ነው፤ ከእነሱ 4ቱ ሞተዋል። የቀሩት 9 ታመው አልነበረም ማለት ነው? አይደለም። «አልተረጋገጠም» እና «አልነበረም» የተለያዩ ቃላት ናቸው።

በሜይ ደግሞ ሰሜን ሱማትራ፣ ካሮ በሚባል ወረዳ፣ ከአንድ ዘመዳሞች 8 ሰው ታመመ። በመጀመሪያ የሞተችው የ37 ዓመት ሴት ያለ ናሙና ተቀበረች። ከእሷ በኋላ የታመሙት 7ቱም በላቦራቶሪ ተረጋገጡ፣ 6ቱ ሞቱ፣ አንድ ሰው ብቻ ተረፈ። የሰንሰለቱ መነሻ የነበረችው ሴት ግን እንደ ታይላንዷ ልጅ «ሳይሆን አይቀርም» ሆና ቀረች።

ወረቀቱ

በኦገስት 2006 የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም አገር በአንድ ቋንቋ እንዲቆጥር የኤች5ኤን1 ኬዝ መስፈርት አወጣ። አራት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ገና «እየተጣራ ያለ ሰው» ነው፤ የጤና ባለሥልጣናት ሊሆን ይችላል ብለው መመርመር የጀመሩት።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ነው። ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ ሕመም፦ ምክንያቱ ያልታወቀ የሳንባ ሕመም፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር። ሁለተኛ ንክኪ፦ ከመታመሙ በፊት በነበሩት 7 ቀናት ውስጥ። በሽታው ባለበት ወይም በተጠረጠረበት አካባቢ ዶሮ አርዷል? ነጭቷል? በልቷል? ያውም በደንብ ያልበሰለ? ኩሱ ያለበት ቦታ ነበር? ወይስ ተጠርጣሪ ከሆነ ሰው በ1 ሜትር ርቀት ውስጥ ሆኖ አስታሟል፣ አውርቷል፣ ነክቷል? ይህን የመጨረሻውን መስመር ስታነቡ ያቺን የታይላንድ እናት አስቡ።

ሦስተኛው «ሳይሆን አይቀርም» የሚባለው ነው። ተጠርጣሪ ሆኖ በራጅ የሳንባ ምች የታየበትና መተንፈስ ያቃተው፣ ወይም ኢንፍሉዌንዛ ኤ ተገኝቶበት ኤች5ኤን1 መሆኑ በበቂ ያልተረጋገጠ። ይህ ደረጃ ሁለተኛ በርም አለው፦ ባልታወቀ የመተንፈሻ ሕመም የሞተ፣ ግን በጊዜ፣ በቦታና በንክኪ ከታወቀ ሕመምተኛ ጋር የሚያያዝ ሰው። የካሮዋን ሴት ዓይነት ሰው ከነጭራሹ ከመረሳት የሚያድን በር ነው ይኼ።

አራተኛው የተረጋገጠ ነው፤ ተቀባይነት ያለው ላቦራቶሪ ያረጋገጠው።

የቬትናሙ ልጅስ? እሱ በዚህ ወረቀት ላይ ቦታ የለውም። አውጪዎቹ ታሪኩን ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም፤ ጥናቱ በ2005 ታትሞ ነበር። ነገሩን በወንፊት አስቡት። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ከጤፉ ጋር እንክርዳዱም ያልፋል፤ ከጠበበ ጤፉ ራሱ አላልፍ ብሎ ይቀራል። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ሁሉ በበርድ ፍሉ ጠርጥሩ ብትሉ ላቦራቶሪው በአንድ ሳምንት ይጨናነቃል፤ እውነተኛው ሕመምተኛም እዚያው ወረፋ ውስጥ ይሞታል። የሚስሉትን ብቻ ካላችሁ ደግሞ እንዲህ ያለው ልጅ ያመልጣችኋል። ከሁለቱ አንዱን እንጂ ሁለቱንም ማዳን የሚችል ወንፊት የለም። ስለዚህ ነው የጤና ባለሙያው ጭንቅላት ከወረቀቱ ሰፋ ማለት ያለበት።

ዓይን

ወንፊቱ በ2024 እንደገና ተፈተነ። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ኤች5ኤን1 የወተት ላሞች ውስጥ ተገኘ። ኤፕሪል 1 ላይ ከቴክሳስ አንድ የላም እርባታ ሠራተኛ መያዙ ተነገረ። ምልክቱ ምን ነበር? የዓይን መቅላት። የሳንባ ምች የለ፣ የመተንፈስ ችግር የለ። በ2006ቱ መስፈርት ቢመዘን ተጠርጣሪ እንኳን አይሆንም ነበር!

ግን ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። በ2003 ኔዘርላንድስ ውስጥ ሌላ የወፍ ጉንፋን፣ ኤች7ኤን7፣ የዶሮ እርባታዎችን ሲያጠቃ 89 ሰው ተይዞ ነበር። አብዛኞቹ የዓይን ሕመም ብቻ ነበራቸው። አንድ የእንስሳት ሐኪም ግን ዓይኑን ሳያመው በሳንባ ምች ሞተ። የታመመ ዓይን ሲፈለግ ሳንባ ገደለ፤ በሌላ ቦታ ሳንባ ሲፈለግ ዓይን አመለጠ። ዛሬ በአሜሪካ መመሪያ የዓይን መቅላት ከምልክቶቹ ጋር ተጽፏል፣ ላምም ከዶሮ ጎን ገብታለች። እስከ 2025 መጀመሪያ 70 ሰው ተመዘገበ። አብዛኞቹ ቀለል ያለ ሕመም ነበራቸው፤ ሉዊዚያና ውስጥ አንድ ሰው ሞቷል።

ቁጥሩን ስታነቡ

ከ2003 ወዲህ በዓለም ላይ የተረጋገጡት የኤች5ኤን1 ሕሙማን ከ900 በላይ ናቸው፤ ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። «ግማሹን ይገድላል» የሚለው አስደንጋጭ አባባል የመጣው ከዚህ ነው። አሁን ግን ቁጥሩ እንዴት እንደተሠራ አይታችኋል። መስፈርቱ የሚፈልገው በጠና የታመመውን ስለሆነ፣ ቀላል ሕመም ይዞት ቤቱ የዳነ ሰው አይቆጠርም። በዚህ በኩል የሞት መጠኑ ከእውነቱ በላይ ይታያል። በሌላ በኩል ሳይመረመሩ የተቀበሩት አሉ፤ የፉጂያኗ ልጅ፣ የቬትናሟ እህት፣ የካሮዋ ሴት። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን የበሽታው ሙሉ ፎቶ ሳይሆን በወንፊቱ ያለፈው ብቻ ነው።

ክፍል ውስጥ ሁሌም የምላችሁን ታስታውሱ ይሆናል፦ ማስረጃ አልተገኘም ማለት ነገሩ አልተፈጸመም ማለት አይደለም። የታሪክ ሰው «ነው»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ይባላል» የሚሉትን ለይቶ ካልጻፈ ተረት ነው የሚጽፈው። ለዚህ ነው «ሳይሆን አይቀርም» የሚለውን ምድብ የማከብረው። «እርግጠኛ አይደለንም፣ ግን አንረሳችሁም» የሚል ሐቀኛ ቃል ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በሜይ 2006 በጎረቤታችን በጅቡቲ፣ አርታ አካባቢ ባለች የገጠር መንደር፣ አንዲት የ2 ዓመት ሕፃን ኤች5ኤን1 እንደያዛት ተረጋገጠ። በአፍሪካ ቀንድ የመጀመሪያዋ ነበረች። በእኛ አቆጣጠር 1998 ዓ.ም መሆኑ ነው፤ ትልልቆቻችሁ ያኔ ሰው ዶሮ መብላት ፈርቶ እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። በግብፅ ደግሞ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ከ350 በላይ ሰው ተይዟል። እነሱም እንደ እኛ በየጓሮው ዶሮ የሚያረቡ ናቸው።

በእኛ አገር ዶሮ የማያርድ፣ የማይነጭ፣ ገበያ አውጥቶ የማይሸጥ ቤተሰብ ስንት ነው? እዚህ ጽሑፍ ላይ ያየነው ሁሉ የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ «ከመታመምህ በፊት ምን ነክተህ ነበር? ማንን አስታመምክ?» የማሽን ዋጋ የማይጠይቅ፣ ግን ካልተጠየቀ ቀሪው ምርመራ ሁሉ የማይጀመር ጥያቄ ነው። ጤና ጣቢያ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ወረፋው ቢበዛም ይቺን ጥያቄ አትዝለሏት። ሌሎቻችን ደግሞ ዶሮ በብዛት ሲሞት ዝም ብለን አንጣለው፣ አንብላውም፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ እንናገር። ከታመመ ወይም ከሞተ ዶሮ ጋር ንክኪ ኖሮን በቀናት ውስጥ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የዓይን መቅላት ቢይዘን፣ ሐኪሙ ባይጠይቀንም እኛው እንንገረው።

ጎረቤታችን «ተጠርጣሪ» ከተባለ ደግሞ በር አንዝጋበት። ቃሉ በእሱ ላይ የወጣ ፍርድ አይደለም። ያ የሆንግ ኮንግ ሕፃን በሕይወት ሳለ ያላገኘው ዕድል ነው።

ጥያቄ ወይም የምትጨምሩት ያላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ በተለይ በጤና ሙያ ያላችሁ። ሰላም ሁኑልኝ!